ያልተሰፋው ጠርዝ

ውድ ድንቢጤ፣

ጎረቤታችን ጋሼ ሰዓት ሠሪው ጉልበታቸው ተሽሏቸው ምርኩዛቸውን ጥለዋል። የልጃቸው መንትዮችም ጥርስ አውጥተው፣ አንደኛዋ የአያቷን መነጽር ነክሳ አጣማዋለች። እሳቸው ግን ያንኑ ጠማማ መነጽር አድርገው ሰዓት ይፈታሉ። ባለቤታቸውም ደም ግፊታቸው ረግቶላቸው ደረጃውን ሳያርፉ ይወጣሉ።

እኔ ደህና ነኝ። ሆስፒታል ከገባሽ ሦስተኛ ሳምንትሽ ሆነ፤ ቤቱ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ የክሩ ብናኝ ሁሉ ይንሳፈፋል። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሐሳቤ ይነጉዳል፤ ስመለስ እጅጌውን አንገት ላይ ሰፍቼው አገኘዋለሁ።

ትናንት በስልክ፣ "እማዬ፣ የኢንሱሊኑ ቱቦ ሆዴ ውስጥ ይግባልኝ ወይስ መርፌዬን ይዤ ልመለስ? አንቺ ምን ትያለሽ?" ስትይኝ "እጽፍልሻለሁ" ብዬ ስልኩን የዘጋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አፌ ላይ ሌላ ነገር ስለነበረ ነው። እሱን ሳልናገር ብመክርሽ የገዛ ምላሴ ይታዘበኛል።

ያኔ እቤት ሳለሽ ስኳርሽ ማታ ደህና ሆኖ እያመሸ ንጋት ላይ ሽቅብ ሲወጣ፣ ቃልሽን ትቼ ጥርጣሬዬን አመንኩ። እኔ ስተኛ ተነስታ ጣፋጭ ትልሳለች አልኩ። ትምህርት ቤት ስትሄጂ ትራስሽን ገልጬ ከረሜላ ፈለግኩ። ይባስ ብዬ የማሩ ጠርሙስ ላይ በልብስ ጠመኔዬ ልኩን አሰመርኩበት። አንቺ ደግሞ ምን ያመልጥሻል። ቁርስ ላይ ጠርሙሱን ከፊቴ አስቀመጥሽና፣ "እማዬ፣ ይሄም ሊሰፋ ነው?" አልሽኝ። ማሩ ጠብታ አልጎደለም ነበር። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ መስመሩን በሽርጤ ጠረግኩና ሻይ ቀዳሁ።

የደንብ ልብስ ቀሚስሽም አለ። ስሰፋው ታድጋለች ብዬ አራት ጣት ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፌለት ነበር። ቁመትሽ አልጨምር ብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልፈታው ኖርኩ። ለእሱም የወቀስኩት አንቺን ነው። "መርፌሽን በወጉ ብትወጊ እንደ እኩዮችሽ ትመዘዢ ነበር" ያልኩሽን ረስተሽው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም።

አንቺን ላደርስ የመጣሁ ቀን ሐኪሟ ለብቻዬ አስቀምጣ አስረዳችኝ። "የጤነኛ ሰው ኢንሱሊን ከቆሽት ወጥቶ ቀድሞ የሚደርሰው ጉበት ጋ ነው" አለችኝ። "ጉበት ድርሻዋን ወስዳ የተረፈውን ለሌላው አካል ትለቃለች። ከቆዳ ሥር የሚወጋው ግን በጓሮ በር ነው የሚገባው፤ ሰውነቱን ሁሉ አዳርሶ እሷ ጋ ሲደርስ ቀጥኗል። ጉበት ያ ሲያንሳት እድገት የሚያመጣውን ሆርሞን ትቀንሳለች። አንጎል ደግሞ 'ምነው አልሰሙኝም' ብሎ የራሱን የእድገት ሆርሞን አብዝቶ ይልካል። እሱ ነው ንጋት ላይ ስኳሩን የሚያወጣው።"

"ታዲያ ልጄ ምን አጠፋች?" አልኳት።

"ምንም" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጉበትሽን በሕልሜ አያታለሁ። ጓዳ ተቀምጣ፣ ሳህኗን ታቅፋ ተራዋን የምትጠብቅ ባልቴት ትመስለኛለች። አንጎልሽ ከሰገነት ላይ ይጣራል፤ እሷ ቀና ብላ ታየዋለች እንጂ ለመነሳት አቅም የላትም። አንቺ መሐል ቆመሽ በቀስታ "እኔ አይደለሁም" ትያለሽ። ሁሉም ይሰማሻል፤ ግድግዳው ሳይቀር። እኔ ብቻ ቁልቁል እሰፋለሁ።

በቱቦው ሲገባ ኢንሱሊኑ አብዛኛው ቀድሞ እሷ ጋ ይደርሳል አሉን። ሐኪሟ ግን ቁመት እሰጣለሁ ብላ ቃል አልገባችም። ቱቦው ሊደፈን፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ እንደሚችል ለአንቺም ነግራሻለች። ይግባልኝ ካልሽ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። በመርፌዬ እመለሳለሁ ካልሽም ደጅ ቆሜ እቀበልሻለሁ። ሰውነቱ ያንቺ ነው ልጄ፤ የምትነግሪኝን አምናለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ልልሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ጠዋት የቀሚስሽን እጥፋት ፈትቼ፣ ጠርዙን ሳልሰፋ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ነፋስ ሲገባ አንቺ የቆምሽበት ያህል ይወዛወዛል። ይህን ስጽፍልሽ ጋሼ ሰዓት ሠሪው መቀስ ሊዋሱ ብቅ ብለው አዩት።

"ምነው ሳትጨርሺው ሰቀልሽው?" አሉኝ።

"ልኩን የምታውቀው እዚህ የለችማ፣ ጋሼ።"

በጠማማው መነጽራቸው ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። "እንግዲያው አንቺ አትገምቺ" አሉኝ፤ "ጠመኔውን አስቀምጪላት፣ ራሷ መጥታ ታስምር።"

ትራስሽ ሥር አስቀምጬልሻለሁ።

እናትሽ