የወንድሜ ንግድ ፈቃድ ከታሸገው በር ጀርባ ተሰቅሏል

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ነሐሴ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኢንስፔክተር ዓለምነው
የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ እንዴት ሰነበተ? በጣቢያዎ በራፍ ምሳ ይዤ በቆምኩባቸው ስምንት ቀናት ሲያነክሱ እያየሁ አዝኛለሁና፣ ፈጣሪ ጉልበትዎን አጽንቶ ደረጃ ለመውጣት ያብቃዎ ዘንድ አዘውትሬ እጸልያለሁ። ደረጃ የመውጣትዎ ነገር ለምን እንዲህ እንዳሳሰበኝ ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል።

እኔ ሪሃና ዐብደላ እባላለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትኛለሁ። ታላቅ ወንድሜ አኒስ ዐብደላ፣ የኢንተርኔትና የፎቶኮፒ ቤት ባለቤት፣ በሕገ ወጥ የኢንተርኔት ቁማር ተጠርጥሮ እርስዎ ዘንድ ይገኛል። ዓረፋ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ከዓረፋ በፊት ቤቱ እንዲገባልን ለመለመን ነው ይህን የምጽፈው፤ ምስጋናዬንም አብሬ ባላቀርብ ግን ነውር ይሆንብኛል።

አንደኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ የዐሥረኛ ክፍል ውጤት ወጣ ተባለና የሰፈሩ ተማሪ በሙሉ ወደ አኒስ ቤት ጎረፈ። እርስዎ በተፈተኑበት ዘመን ይህ ነገር አልነበረምና አሠራሩን ላስረዳዎ። ተማሪው ሦስት ብርና የፈተና ቁጥሩን ይሰጣል፤ አኒስ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ኔትወርኩ ጠብ ጠብ እያለ እስኪመጣ አርባ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ገጹ ሲከፈት አንዱ ‹‹ሦስት ነጥብ ስምንት!›› ብሎ ጣሪያ ይነካል፣ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፣ የአንዷ እናት እልልታቸውን ያቀልጡታል። አባሎችዎ በዚህ መሐል በሩን በርግደው ገብተው፣ ‹‹ግለሰቦቹ ገንዘብ ከፍለው ቁጥር ሲያስይዙ፣ ቁጥሩም ሲወጣ ገሚሶቹ ሲጨፍሩ ገሚሶቹ ሲያለቅሱ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል›› ብለው በመዝገብ አሰፈሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ትምህርታችን እንዲህ ልቅም ያለ ገለጻ አንብቤ አላውቅም። አርባ ሦስት የፈተና ቁጥር የተጻፈበት ደብተር በኤግዚቢትነት እጅዎ ላይ ይገኛል። ሃያ ሰባተኛው ቁጥር የእኔ ነው፤ ሶኬቱ የተነቀለው የእኔ ገጽ ሊከፈት ሲል ነበር።

ሁለተኛ፣ የላይኛውን ፎቅ ስላልረበሹ አመሰግናለሁ። ከአኒስ ቤት ራስ ላይ፣ በደረጃው ጫፍ፣ ‹‹የኮምፒውተር ማሠልጠኛ›› የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት አለ። ከተከፈተ ሁለት ዓመቱ ሲሆን አንድም ሰው አስመርቆ አያውቅም። ሠልጣኞቹ የሚማሩት የእንግሊዝና የስፔን ቡድኖች ስንት ለስንት እንደሚለያዩ አስቀድሞ መገመትን ነው፤ ክፍያውም በየጨዋታው ነው። ቀበሌው ያውቃል፣ ጫማ ጠራጊው ያውቃል፣ የሰፈራችን ሽማግሌ መሪጌታ ኪዳነወልድ እንኳ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይህን ያውቃሉ። ፓትሮሉ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው የላይኛው ቤት ስልክ ይጮኻል፤ ሠልጣኞቹም ተሰልፈው ወርደው ፊት ለፊት ካለው ጁስ ቤት አቮካዶ ያዛሉ። በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ እንዲህ ሆኗል። አኒስ በተያዘ ዕለት ግን ከዚያም አልፈው፣ ኅብረተሰቡ ፖሊስን ያግዝ በተባለው መሠረት የአኒስን ኮምፒውተሮች ተሸክመው ፓትሮሉ ላይ የጫኑት እነሱ ናቸው። አንደኛውማ ሦስተኛውን ኮምፒውተር አድርሶ ሲመለስ ‹‹አይዞሽ እህቴ፣ ቁማር እኮ ክፉ ሱስ ነው›› ብሎ መከረኝ። ከንፈሩ ላይ አቮካዶው ገና አልደረቀም ነበር። ሰው ክፉ ነውና የቤቱ ባለቤት ከጣቢያው ሰዎች ጋር ዝምድና አለው ይላል። እኔ አላምንም፤ በዚህ ዘመን ዘመድ ለዘመድ እንዲህ አይተሳሰብም።

ሦስተኛው ጉዳይ ራሴን ስላዞረው ቀስ ብዬ ልጻፈው። አኒስ ፍርድ ቤት በቀረበ ዕለት መርማሪዎ ‹‹ፈቃድ ያለው መሆኑን እስክናጣራ›› ብለው አሥራ አራት ቀን አስጨመሩ፤ ለእኛ ደግሞ ዋናውን ንግድ ፈቃድ ካመጣችሁ ዛሬውኑ ይወጣል አሉን። ሸጋ። ንግድ ፈቃዱ ደንቡ እንደሚያዘው በመስተዋት ተደርጎ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቤቱ ታሽጓል። እሽጉ የሚነሣው ባለቤቱ በተገኘበት ብቻ ነው። ባለቤቱ የታሰረው እርስዎ ዘንድ ነው። ባለቤቱ እንዲወጣ ደግሞ ንግድ ፈቃዱ መቅረብ አለበት። ኮፒ አይበቃም ወይ ብዬ ብጠይቅ መርማሪው ‹‹ኮፒማ ማንም ያነሣል›› አሉኝ፤ በሰፈሩ ያለው ብቸኛ የፎቶኮፒ ማሽን እዚያው ቤት ውስጥ መታሸጉን ዘንግተው። በመስኮቱ ስንጥቅ ዓይኔን ሳስጠጋ ፈቃዱ ይታየኛል፤ አኒስ ከነፎቶው፣ በዚያች ለፈቃድ ሲነሣ በተዋሳት ከረባት፣ በጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሏል።

አራተኛው ጥፋት የእርስዎ አይደለም፤ የእኛ ሽማግሌዎች ነው። አባቴ ሐጂ ዐብደላ አርባ ዓመት ጨርቅ የነገዱ ሰው ሲሆኑ፣ ከመንግሥት ጋር በማመልከቻ መነጋገር ጠብ መጫር ይመስላቸዋልና ሐጂ ኡዘይርን፣ መሪጌታ ኪዳነወልድንና ለገበያ ከድብ ባሕር የመጡትን አያ ዋኘውን ወደ እርስዎ ላኩ። ሦስቱም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ቡቃያና ስለ ጉልበትዎ አንድ ሰዓት ሙሉ ከጠየቁ በኋላ፣ በአንድነት ብድግ ብለው ‹‹ልጃችን አጥፍቷል፤ የልጅ ነገር ነው፤ ለሽበታችን ሲሉ ይማሩልን›› አሉ።

እርስዎም የዚሁ አገር ሰው ነዎትና ያውቁታል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ለማንም ይቁም ለማን፣ ነገሩን የሚጀምረው ‹‹አጥፍቷል›› ብሎ ነው። በሬውን የተሰረቀ ሰው እንኳ ሽማግሌ ከላከ ‹‹አጥፍቷል›› ይባልለታል። መርማሪዎ ግን ይህን ሲሰሙ ብዕራቸውን አነሡ። ሦስት የታወቁ የአገር ሽማግሌዎች ተጠርጣሪው ጥፋተኛ መሆኑን በቃላቸው አረጋገጡ ተብሎ ተጻፈ፤ ሁለቱ ፈረሙ፣ አያ ዋኘው መነጽራቸውን አገር ቤት ረስተው ስለመጡ አውራ ጣታቸውን ነክረው አሳረፉ። ሲመለሱ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ አባቴን ‹‹ነገሩ በሸጋ አልቋል፤ በጽሑፍም ሰፍሯል›› አሏቸው። ጽሑፉ ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ አያ ዋኘው ‹‹ምነው አንቺ፣ በትልልቅ ሰው ወሬ መሐል ትገቢያለሽ?›› ብለው ገሠጹኝ። ትልልቆቹ ለአንድ ሰዓት ባይገቡ ኖሮ፣ በወንድሜ ላይ ሦስት ምስክር ባልተቆጠረበት ነበር።

ትናንት ምሳ ይዤለት ሄጄ ይህን ስነግረው አኒስ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ‹‹እሺ፣ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ግን ምን አጠፋሁ ብዬ?›› አለኝ። ውጤትሽን አየሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አንተ ሳትወጣ አላይም አልኩት። ‹‹ወድቀሽ ከሆነማ እዚሁ ብቆይ ይሻለኛል›› ብሎ ቀለደ። ሣህኑን በሽቦው አሾልኮ ሲመልስልኝ ግን ምግቡን ከነካካው በቀር አልበላውም ነበር። አኒስ ምግብ ሲያስተርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ አንድ ፖሊስ አኒስን በካቴናም ቢሆን ሁለት መቶ እርምጃ አምጥቶ በሩን ለዐሥር ደቂቃ እንዲከፍትና ፈቃዱን ከምስማሩ ላይ እንዲያወርድ፣ የሦስቱም ሽማግሌዎች ‹‹አጥፍቷል›› ከመዝገቡ ላይ እንዲሰረዝ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ኢንተርኔት ሊመሰክሩ ቀርቶ፣ ሐጂ ኡዘይር ስልካቸው ሲጠራ አሁንም ድረስ እንዳነሣላቸው ለእኔ ነው የሚሰጡኝ።

ሕግን እንዲህ አጥብቀው በመያዝዎ፣ አጥብቀው ከመያዝዎም የተነሣ ለማንም ባለመስጠትዎ ዘወትር የምታመሰግንዎ፣

የቁጥር ሃያ ሰባት ባለቤት፣ የተጠርጣሪው እኅት፣ የሦስቱ ምስክሮች ተላላኪ፣
ሪሃና ዐብደላ

ግልባጭ፦
– ለታሸገው በር (ራሴ እለጥፈዋለሁ)
– ለአባቴ (እንዳይሰጣቸው)

ማሳሰቢያ፦ የላይኛው ቤት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አዲስ ጨዋታ ከፍቷል። አኒስ የሚወጣው ከዓረፋ በፊት ነው ወይስ ከዓረፋ በኋላ? ይህን የነገረኝ ያው ኮምፒውተር የተሸከመው ልጅ ነው። ትናንት አንድ የሲቪል ልብስ የለበሰ፣ ጫማውን ግን መቀየር የረሳ የጣቢያዎ ሰው ወጥቶ ‹‹በኋላ›› ላይ አንድ ሺህ ብር አስይዟል፤ ደረጃው እግርን እንደማይጎዳ ከእሱ ሊጠይቁ ይችላሉ። ‹‹በፊት›› ያለ ሰው በአንድ ብር ሰባት ብር ይበላል። ይህን እያወቁ ጎረቤቶቻችን፣ ለአኒስ የሚያለቅሱለት ጓደኞቹ ጭምር፣ ሁሉም ‹‹በኋላ›› ላይ ነው ያስያዙት። ኢንስፔክተር፣ በሰባት እጥፍ እንኳ በእርስዎ ላይ አንድ ብር የሚያስይዝ ሰው በዚህ ሰፈር ጠፍቷል።