ለኤግዚቢትነት ገብቶ ስለቀረው ቁም ሣጥኔ

ይድረስ ለክቡር የኢንተርኔት ግብይት ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የቢሮዎ በር በባለጉዳይ ላይ ጥርቅም እንደሚል ሁሉ የጤናዎም በር በበሽታ ላይ ጥርቅም ብሎ እንዲዘጋ ከልብ እመኛለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ስልኬ ላይ አይቼ አዘዝሁ፤ ባለ ሁለት በር መጣ። የታሰበው ለአማቴ ነበር፤ እሳቸው እኛ ዘንድ ከተጠቃለሉ ወዲህ ቀሚሶቻቸው የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ስለሰፈሩ፣ አንድ መጽሐፍ ለማውጣት አስቀድሜ ማስፈቀድ ግድ ሆኖብኛል። ሻጩን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ሦስተኛው በር እኮ ለፎቶው ማድመቂያ ነው» አለኝ። እኔም ሕግ አለ ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ። ምስጋናዬ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

፩ኛ) አቤቱታዬን የተቀበሉት ባለሙያ «ዕቃው ለኤግዚቢት በአካል ይቅረብ» ብለው ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። በጣቴ ነክቼ የገዛሁትን ዕቃ በጫንቃዬ አራተኛ ፎቅ ሳወጣ፣ ዘመናዊ ግብይት ምን ማለት እንደሆነ ከወገቤ ጀምሮ ገብቶኛል። ሊፍቱ ለሠራተኞች ብቻ መሆኑንም በየፎቁ አንብቤያለሁ።

፪ኛ) ቁም ሣጥኑ ኮሪደርዎ ላይ በቆመ በማግስቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ቁጥር ለጥፈውበት የቢሮው ንብረት አድርገውታል። ከቢሮዎ ይህን ያህል ፈጣን አገልግሎት አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

፫ኛ) ሻጩ፣ እባክዎ ይህን ቁጭ ብለው ያንብቡት፣ ተጸጽቷል። ባለ ሁለት በሩን ከመለስሁለት ባለ ሦስት በሩን ሊልክልኝ ቃል ገብቷል፤ የሰጠኝ ቀነ ገደብም ዓርብ ያበቃል። ቁም ሣጥኔን ልወስድ ብመጣ ግን የበሩ ጥበቃ «አባቴ፣ የመንግሥት ንብረት ተሸክመው ወዴት ነው?» ብሎ አስቆመኝ። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ልጄ፣ አታላዩስ አፈረ፤ የቸገረን ጠባቂው ነው» አሉ። እኔ እንኳ እንዲህ አልልም፤ እሳቸው አሮጊት ስለሆኑ ነው።

፬ኛ) ካፖርታቸውን ውስጡ የሚሰቅሉት ሠራተኞችዎ በሩን ሲዘጉ ቀስ ይበሉ። ማጠፊያው ደካማ ነው።

ስለዚህ ቁም ሣጥኔ ከዓርብ በፊት ይለቀቅልኝ ዘንድ፣ ካልሆነም አማቴን ከነቀሚሶቻቸው ኮሪደሩ ላይ ያስጠጉልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ለሸማቹ ከራሱ ከሸማቹ በላይ የሚያስቡለትን እርስዎን ያቆይልን፤ ቁም ሣጥኔን ግን አያቆይብን።

እጅ እየነሣሁ፣
ከልክ በላይ የተጠበቀው ሸማች

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ቢሮዎ በኢንተርኔት የለቀቀውን የንብረት ሽያጭ ማስታወቂያ አየሁ። ቁም ሣጥኔ «ፈጽሞ ያልተነካ» ተብሎ ቀርቧል። ቀኑ ስለደረሰብኝ ሳላቅማማ አዝዤዋለሁ። ከግርጌው፣ በቢሮዎ ማኅተም ሥር፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ያየሁት ግን ካዘዝሁ በኋላ ነው።