ስለ ዶክተር ኒራንጃን ፓዲ ሕልፈትና ሳትድን ስለለቀቅናት ዔሊ

የሳናፔታ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር፣ የባሕር ዔሊዎች ማገገሚያውን የመሠረቱትን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ኒራንጃን ፓዲን በሞት ማጣቱን ለአባላቱና ለአካባቢው ነዋሪዎች የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘንና በኀፍረት ነው። የኀፍረቱን ምክንያት ሸፋፍነን ብናልፍ ይህ መግለጫ ውሸት ይሆናል።

ዶክተር ፓዲ ለረጅም ዘመን በመንግሥት የከብት ሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ጡረታ ወጥተው ወደ መንደራችን መጡ። የፈረሰውን የበረዶ ማከማቻችንን ጠግነው ገንዳ አሠሩበት። ያኔ «ላም ማከም ሰልችቷቸው ዔሊ ሊያስታምሙ መጡ» እያልን እንቀልድባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረውን ይስቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዔሊዎች እንቁላል በሚጥሉበት ወራት ጀልባዎቻችን ከዳርቻው እንዲርቁ አግባብተውናል። መረብ የቆረጣቸውንና መንጠቆ የዋጡትን እያከሙ ወደ ባሕር መልሰዋል። ልብሳቸው ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ እንደሚሸት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱሎቻና ሲያማርሩ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

ባለፈው ጥር የጀልባ ሞተር ጀርባዋን የሰነጠቃት አንዲት ዔሊ ወደ ማገገሚያው ገባች። ዶክተሩ ስንጥቁን ዘጉላት። ሆኖም ከቅርፊቷ ሥር አየር ስለቀረ መጥለቅ አቅቷት በአንድ ጎኗ ተንጋድዳ ትንሳፈፍ ነበር። «ገንዳው ወለል ላይ ተኝታ እስካላየኋት የትም አትሄድም» ብለውን ነበር።

ማኅበራችን ግን ለካርቲክ ወር ሙሉ ጨረቃ በዓል እንግዶች ጠርቶ፣ ዔሊዋ በዕለቱ እንደምትለቀቅ አስነግሮ ነበር። ጠዋት ሴቶቻችን እንደ ልማዳችን ጀርባዋን እርድና ቀይ ዱቄት ቀቧት፤ ኮኮናትም ተሰበረላት። ዶክተሩ ሲደርሱ ዔሊዋ ከባሕሩ ዳር ነበረች።

«ልጆቼ፣ ይቺ እኮ አትጠልቅም። ሌላ ጀልባ ይጨርሳታል፤ መልሱልኝ» አሉ።

ሊቀመንበራችን አቶ ላቻያ «ዶክተር፣ እርድ የተቀባች ዔሊ ለባሕሩ የተሰጠች ናት፤ ወደ የብስ አትመለስም። መረባችን ባዶውን እንዲወጣ ነው የሚፈልጉት?» ሲሉ መለሱላቸው። ሌሎቻችን ተሸክመናት ወደ ውኃው ገባን። ዔሊዋን ለቀቅናት፤ እንግዶችም አጨበጨቡ።

በማግሥቱ ዔሊዋ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ ተንሳፍፋ ትታይ ነበር። ዶክተር ፓዲ የሚቀዝፍላቸው ሰው እየዞሩ ጠየቁ። የተቀባችን ዔሊ ለመመለስ ማንም እሺ አላለም። በትንሽ ጀልባ ብቻቸውን ወጡ፤ ማዕበሉ ገለበጣቸው። በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አስከሬናቸው ከወጣ በኋላ፣ በዚያው ዕለት፣ እምቢ ያልናቸው ሰዎች ራሳችን ጀልባ አውጥተን ዔሊዋን እርዱ ከጀርባዋ ሳይለቅ ወደ ገንዳዋ መለስናት። እስከ ዛሬ መረባችን ባዶውን አልወጣም። እሷ ገና ትንሳፈፋለች፤ ውኃዋን አባላቱ በየተራ ይቀይራሉ። የምትለቀቅበት ቀን አልተቆረጠም፤ ድግስም አይኖርም።

ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ወይዘሮ ሱሎቻና «ዔሊዋን መለሳችኋት?» ሲሉ ጠየቁን። መመለሷን ነገርናቸው።

«ታዲያ እሱ ሲለምናችሁ ምን ያዛችሁ?» አሉን።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ሱሎቻና፣ ለልጆቻቸውና ለዶክተሩ የሥራ ባልደረቦች መጽናናትን ይመኛል።

የሳናፔታ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር