የእናታችን የሕይወት ታሪክና የሁለቱ ጠርሙሶች ነገር

እናታችን ከቧንቧ ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በሃያ ዓመታቸው ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ሥራቸው የውሃውን ካልሲየም ጨብጦ የሚይዘውን የፎስፌት ዱቄት መመጠን ነበር፤ ያለ እሱ ሳሙናው አረፋ አያወጣም። ከግራም ፍንክች ስለማይሉ ባልደረቦቻቸው «ሚዛኗ» ይሏቸው ነበር። በ1970 ዓ.ም. የፋብሪካውን መካኒክ አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። እኛን እያሳደጉ በፋርማሲ ሙያ ተመርቀውም በሆስፒታል ፋርማሲ ተቀጠሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እኔ የበኩር ልጃቸው መጀመሪያ ስጽፍ ዘልዬው ነበር። በሕመማቸው ወቅት «እሱንም ጻፊው» ብለውኝ ነበርና አፍሬ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ቀደድኩት።

በ1989 ዓ.ም. የአንድ ባትሪ ሠሪ የአራት ዓመት ልጅ ከባትሪ በሚወጣ እርሳስ ተመርዛ ሆስፒታሉ ገባች። እርሳሱን ከደሟ ጨብጦ በሽንት የሚያስወጣ ኤዴቴት የተባለ መድኃኒት ታዘዘላት። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ኤዴቴት ጎን ለጎን ነበር። አንዱ ካልሲየም አስቀድሞ የተጨመረበት፣ ለእርሳስ መርዝ የሚሰጠው ነው፤ ሌላው ግን ልብ ያለ እሱ የማይመታውን የሰውነት ካልሲየም ይለቅማል። እናታችን በስህተት ይህን ሁለተኛውን አነሱ። የሕፃኗ ልብ ቆመ።

ሐኪሙ እርሳሱ ገደላት ብሎ ጻፈ። እናታችን ግን ባዶውን ጠርሙስ አይተው ስህተታቸውን አወቁ። ቤት መጥተው ሲነግሩን «እማዬ፣ የሆነው ሆኗል፣ በቃ ዝም በይ» አልኳቸው።

«ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ጠርሙስ ቢያነሳስ?» አሉኝ።

በማግስቱ ለኃላፊያቸው ተናገሩ። ከዚያም ባትሪ ሠሪው ቤት ሄደው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ ነገሩት። ሰውየው «ሂጂልኝ» ብቻ አላቸው።

ጠርሙሶቹ በተለያየ ቁም ሳጥን ተቆለፉ። የእናታችን የሥራ ፈቃድም ለሁለት ዓመት ታገደ። ሰው «እናትሽ ምነው ቤት ዋሉ?» ሲለኝ «አሟቸው ነው» እል ነበር። ፈቃዳቸው ሲመለስ እስከ ጡረታቸው በዚያው ፋርማሲ አገለገሉ።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ የሕፃኗንም ወላጆች ያጽናና።

እማዬ፣ በእገዳሽ ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ መንገድ ላይ አይቼሽ ወደ ማዶ ተሻግሬአለሁ። አንቺም አይተሽኝ ነበር፤ አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። ይቅር በይኝ።