በካሴቱ ጫፍ የቀረው ደቂቃ

ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በነቀምቴ ከተማ ባኬ ጃማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን የማስጽፈው እኔ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ኃይለማርያም ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ኩላሊቶቼ ደክመዋል፤ አእምሮዬ ግን እንደ ድሮው ነው። የሚጠራጠር ካለ በ1979 ዓ.ም. ከሱቃችን የተሸጡትን ካሴቶች ከነሽፋናቸው ቀለም መዘርዘር እችላለሁ። እዚህ ላይ ምስክሬ ልብስ ሰፊው አቶ ጂሬኛ ጨመዳ «አዴ ሙሉ፣ አምነናል፤ አይዘርዝሩብን» ብለዋል። የሚጽፉልኝ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ጋሩማ፣ ይህም ይጻፍ ወይ ብለው ጠየቁኝ። በዚህ ቤት የሚባለው ሁሉ ይጻፍ ብያለሁ።

ያስገደደኝ የለም። ልጆቼ ሮብሳን ሞረዳና ኬኔ ሞረዳ ከአራቱ ምስክሮች ጋር ተቀምጠው ይሰሙኛል።

አንደኛ። ስሞት ባለቤቴ ሞረዳ በ1998 ዓ.ም. ካረፈበት ቦታ አጠገብ ቅበሩኝ።

ሁለተኛ። ይህ መኖሪያ ቤት ከነዕቃው ለሁለቱም ልጆቼ እኩል ይሁን። ኬኔ ጊምቢ ስለምታስተምር ክፍሏ ለሰው እንዳይከራይ። ክረምት ሲመጣ የምትገባበት ቤት ይኑራት።

ሦስተኛ። ለአቶ ጂሬኛ ያለብኝ ይቅርታ ነው። ሱቃችንን በ1977 ዓ.ም. ስንከፍት ድምፅ ማጉያውን ወደ እሳቸው በር አዙረን ሰቀልን፤ ሞረዳም ገበያ ይስባል ብሎ አላወርድም አለ። «በነቀምቴ እግሩ የተጣመመ ሱሪ ሁሉ በእናንተ ጭፈራ የተሰፋ ነው» ይሉናል። አሁን ደግሞ ዝምታው ከስፌት መኪናዬ ላይ ያስተኛኛል ብለው ይከሱኛል። ምስክር ስለሆኑ ስጦታ አልሰጣቸውም፤ ይቅርታው ግን ይድረሳቸው።

አራተኛ። ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሱቅ ለኬኔ ብቻ ይሁን። ሮብሳን ከሱቁ ድርሻ የለውም። የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር እየሸጠ ሦስት ልጆቹን የሚያሳድግበት ይኸው ሱቅ መሆኑን አውቃለሁ። አውቄ ነው የወሰንኩት። ምክንያቱም ይጻፍ።

ሱቁ «ሞረዳ ሙዚቃ ቤት» ይባል በነበረበት ዘመን አዲስ ካሴት ሐሙስ ሐሙስ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣ ነበር፤ ካርቶኑ ሳይፈታ ሰው በር ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ የምንታወቀው ግን በቅጂያችን ነው። ደንበኛ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ያመጣል፤ ሞረዳ ከየካሴቱ እየለቀመ በአንድ ካሴት ይቀዳለታል። ዘፈኖቹ ከክሩ ጋር እኩል አያልቁም፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይተርፋል። ሌሎች ሱቆች ባዶውን ይተዉታል። ሞረዳ «ባዶ ክር አልሸጥም» ብሎ በራሱ ድምፅ ይሞላው ነበር። ደንበኛውን በስሙ ጠርቶ፣ ኦሮምኛ ለሚናገረው በኦሮምኛ፣ ከጎጃም ወይም ከሸዋ ለመጣው መምህር በአማርኛ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቆ፣ መርቆ ያሰናብተዋል። ከጉቴ እስከ ጊዳ አያና የሞረዳ ድምፅ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም። ለእኔም ቅዳልኝ ስለው «አጠገብሽ ተቀምጬ ምን አስቀዳሽ?» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ድምፁ በየሰው ቤት ተበተነ፤ በራሴ ቤት አንድም አልቀረም።

ሞረዳ ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ ዘፈን በሜሞሪ መጫን መጣ። ሮብሳን ኮምፒውተር ገዝቶ ሱቁ ውስጥ ተከለ። ሰዎች የድሮ ቅጂዎቻቸውን እያመጡ ወደ ሜሞሪ ያስገለብጡ ነበር። እሱ ዘፈኖቹን እየገለበጠ የአባቱን ድምፅ ግን ይቆርጠው ነበር፤ ቦታ ይይዛል ብሎ። ደንበኞቹም ካሴቱን ከእንግዲህ ምን ይሠራልናል እያሉ እዚያው ጥለው ሄዱ። አራት ጆንያ ሞላ።

እኔ በዚያን ጊዜ እህቴን ላስታምም አምቦ ከርሜ ነበር። ስመለስ ጉቴ አጠገብ፣ ከአውቶቡስ መስኮት፣ በማሽላ ማሳ ላይ የተዘረጋ የካሴት ክር በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ወፍ ያባርራል። ያምራል ብዬ አልፌው መጣሁ። ቤት ስደርስ ነው ሮብሳን ጆንያዎቹን ለገበሬዎች እንደሰጣቸው የሰማሁት።

እዚህ ላይ ሮብሳን «እማዬ፣ ያኔ ማን አሰበው? ደንበኛው የሚፈልገው ዘፈኑን ነው» አለ።

«እኔስ?» አልኩት።

ሙዚቃ ቤቱን የዘጋብኝ እሱ ነው አልልም። የሜሞሪውም ገበያ ብዙ አልቆየም። ዛሬ ዘፋኙ ከቤቱ ሆኖ በስልክ ይሸጣል፤ አድማጩም ከአልጋው ሳይነሣ ይገዛል። ሐሙስ የሚጠብቅ የለም። ለዘፋኙ መልካም ነው፤ አልወቅስበትም። ነገር ግን በስልክ የሚገዛ ዘፈን ጫፍ የለውም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፤ በመሐል የሚያናግርህ ሰው የለም።

አምስተኛ። ሁለቱ መቅጃ ቴፖችና የደንበኞች ስም፣ ከተማና የዘፈን ዝርዝር የተጻፈባቸው አሥራ አንድ ደብተሮች ለኬኔ ይሁኑ።

ይህ እየተጻፈ ሳለ ከጉቴ የመጣችው ምስክር ወይዘሮ ድርቤ ጂሩ ከቦርሳዋ አንድ ካሴት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በ1984 ዓ.ም. ለሠርጓ ያስቀዳችው ነው። «መስክሬ ስጨርስ ላሰማዎት ነበር፤ አላስቻለኝም» አለች። እንዴት ተረፈ ብላት «ስልኬ ባለ ባትሪዋ ናት፣ ሜሞሪ አትቀበልም። ምን ላይ ላስገለብጠው?» ብላ ሳቀች።

አቶ ጂሬኛ የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠበቁት። ከቴፖቹ አንዱ ይሠራል፤ ኬኔ ከፈተችው። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ከዚያ የተሰማውን አቶ ጋሩማ እንደሚከተለው ጽፈዋል።

የወንድ ድምፅ፦ «ድርቤ፣ አካም ጂርታ? እንኳን ደስ አለሽ። ይህን የቀዳሁልሽ እኔ ሞረዳ ነኝ። ባልሽ ዘፈን የማይወድ ከሆነ ወደ እኔ ላኪው፣ እመክረዋለሁ። ክሩ ትንሽ ይቀረዋል፣ እስኪያልቅ አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንድ ቀን አባትሽ ኦቦ ጂሩ...»

የሴት ድምፅ፣ ከሩቅ፦ «ሞረዳ፣ ይበቃል፣ ዝጋው! ሰው ተሰልፏል።»

የወንድ ድምፅ፦ «ሙሉ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ...»

የሴት ድምፅ፣ ከቅርብ፦ «ምን ደቂቃ! ዝጋው አልኩህ እኮ!»

ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ክሩ ባዶውን ሄደ። ማንም ተነሥቶ ቴፑን አላጠፋውም፤ አንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን ሰማነው።

የሴቷ ድምፅ የእኔ ነው። በዚያን ጊዜ ጉሮሮዬ ጤነኛ ነበር።

ስድስተኛ። በአራተኛው ተራ የተናገርኩት አይጸናም። አይሰረዝ፤ ልጆቼ ያንብቡት፤ ነገር ግን አይጸና። ሱቁ የሮብሳን ይሁን። ኬኔ «ድሮስ እኔ ቻርጀር ልሸጥ ነበር?» ብላ ተስማምታለች፤ ደብተሮቹና ቴፖቹ እንዳልኩት የእሷ ናቸው። ምክንያቱ ይጻፍ ከተባለ፣ የሞረዳን ቃል ከሮብሳን በፊት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ አባቱ ከሞተ በኋላ ቆረጠ፤ እኔ አጠገቤ ቆሞ ሲናገር ቆረጥኩ።

ሰባተኛ። ድርቤ ካሴቱን እዚህ ልተወው ብላለች። አልቀበልም። የተነገረው ለእሷ ነው፤ ይዛው ትሂድ። አባቷ ኦቦ ጂሩ ያን ቀን ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋት፤ እሷም አታውቅም።

ስምንተኛ። ልጆቼ፣ ደብተሮቹ ላይ የሰዎቹ ስምና ከተማ አለ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ሥራም ባልያዛችሁ ቀን፣ ካሴቱን ያላስገለበጠ ሰው ካለ ጠይቁ። ግዴታ አላደርገውም። የምታገኙትን እኔ በሕይወት ካለሁ አሰሙኝ፤ ከሌለሁም እናንተ እስከ መጨረሻው ስሙት።

ይህ ቃሌ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አራቱም ምስክሮች ባሉበት በአቶ ጋሩማ ድምፅ ተነቦልኛል፤ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። ሲነበብ ሮብሳን የድርቤን ካሴት ከመሄዷ በፊት ለመገልበጥ ቴፑን ከሱቁ ካስመጣው ኮምፒውተር ጋር በገመድ እያገናኘ ነበር። ቀና ብሎ «እማዬ፣ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ባዶውንስ?» አለኝ።

ባዶውንም ቅዳው ብየዋለሁ።

ተናዛዥ፦ ሙሉወርቅ ኃይለማርያም (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ጂሬኛ ጨመዳ (ፊርማ)፣ ድርቤ ጂሩ (የጣት አሻራ)፣ ባቻ ቀነአ (ፊርማ)፣ ፀጋ አዱኛ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ጋሩማ ዲንሳ (ፊርማ)
ነቀምቴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት