«እትዬ በማን»ን ስለገደሏቸው ሰዎች የወጣ የታረመ የሀዘን መግለጫ

ለመጽሔታችን ባልደረቦች፣ ለጸሐፊዎቻችንና ለአንባቢዎቻችን በሙሉ፤

ባለፈው ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ቢሯችን ድረስ ገብተው፣ የዓለም አቀፍ ደኅንነትና የመከላከያ ጥናቶችን በሚያሳትመው መጽሔታችን ለሃያ ሁለት ዓመታት በቋንቋ አርታኢነትና በምንጭ አረጋጋጭነት ያገለገሉትን ባልደረባችንን በጥይት ገድለዋቸዋል። ሀዘናችን ከባድ ነው። ከሀዘኑ ጋር ደግሞ ኀፍረት አለብን።

ማክሰኞ ዕለት ባወጣነው የመጀመሪያ መግለጫ «በደረሰባቸው ድንገተኛ አደጋ ሕይወታቸው አልፏል» ብለን ነበር። አደጋ አልደረሰባቸውም፤ ድንገተኛም አልነበረም። መጽሔታችን በአንድ ጥናት ላይ ስህተት ሲያገኝ እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ያወጣል። ይህን ደንብ ተከራክረው ያስጸደቁት ራሳቸው ሟች ናቸው። በዚሁ ደንብ መሠረት የማክሰኞውን መግለጫ ሽረን ይህንን ተክተናል።

እርማቱን የጠየቁን ነርስ የሆኑት ልጃቸው ናቸው። ረቡዕ ጠዋት የማክሰኞውን ወረቀት ይዘው መጥተው፣ «አደጋ ነው ያላችሁት? ያጠብኳት እኮ እኔ ነኝ። አራት ቀዳዳ ቆጥሬያለሁ። እናቴን በውሸት አልቀብራትም፤ እስክታስተካክሉት አስከሬን ክፍል ትቆያለች» ብለውናል። ቆመን ሰማናቸው።

ሟች ወደ መጽሔታችን የመጡት በሁለተኛው ቅጽ ነው። ከዚያ በፊት የሰዋስው መምህርት ነበሩ። ስለ ጦር መሣሪያ አንዳች እንደማያውቁ በቅጥር ቃለ መጠይቁ ላይ ሳያፍሩ ተናግረዋል። የሚያውቁት ግስ ነው። «ተገደለ»፣ «ተቃጠለ»፣ «ተደመሰሰ» የሚሉ ግሶች አድራጊውን ይሸሽጋሉ ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ረቂቅ ላይ ባገኟቸው ቁጥር ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በማን?» ብለው ይጽፉ ነበር። በአንድ ረቂቅ ላይ ብቻ መቶ አርባ «በማን?» ቆጥረናል። «እትዬ በማን» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣንላቸውም በዚህ ነው። በዚህ ስም የምንጠራቸው በሌሉበት ብቻ ይመስለን ነበር፤ እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል።

በአራተኛው ቅጽ ስለ ሰው አልባ አውሮፕላኖች በቀረበ ጥናት ውስጥ «ኢላማው ከጥቅም ውጭ ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ሟች ይህን ዓረፍተ ነገር አላሳልፍም ብለው አምስት ሳምንት ያዙት። አጥኚው እያማረረ ምንጮቹን ዳግም ሲፈትሽ፣ ያ «ኢላማ» ዳቦ ለመግዛት የተሰለፉ አሥራ ሰባት ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከአሥራ ሰባቱ ለስድስቱ ቤተሰብ ለይቶ የሚቀብረው አካል አልተረፈም። ጥናቱ ቦምቡን የጣለውን የጦር ክፍል በስሙ ጠርቶ ወጥቷል።

በዘጠነኛው ቅጽ አንድ ጡረታ የወጡ የመድፈኛ ጄኔራል ስለ ከተማ ውጊያ የጻፉትን ጥናት ሟች አሥራ አንድ ጊዜ መልሰውባቸዋል። በአሥራ ሁለተኛው ጄኔራሉ ራሳቸው መጥተው ጠረጴዛችንን ደበደቡት። «በሠላሳ ዓመት ውትድርናዬ ጠላት እንኳ እንዲህ አላንገላታኝም!» አሉ። ሟች ወንበር ስበውላቸው፣ «‹ከተማዋ በመድፍ ተደበደበች› ይላል ጽሑፍዎ። መቼም ራሷን አልደበደበችም። ይቺን አንዷን ይጨርሱልኝና ሻይ እጋብዝዎታለሁ» አሏቸው። ጄኔራሉ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው «ከተማዋን እንዲደበድቡ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። ሻዩን ሳይጠጡ ሄዱ።

ሁሉም ሰው አልወደዳቸውም፤ እኛም ሁልጊዜ አልወደድናቸውም። እትም አዘግይተውብናል፣ ጸሐፊ አስኮርፈውብናል፣ ስንት ቅዳሜያችንን በልተውብናል። ይህን የምንጽፈው ለእውነቱ ስንል ነው።

በዚህ በሃያ አራተኛው ቅጽ ያረሙት የመጨረሻ ጥናት በአንዲት የጠረፍ መንደር ስለደረሰ እልቂት ነው። ረቂቁ «ስልሳ አንድ ሰዎች በእህል መጋዘን ውስጥ ተቃጥለው ሞተዋል» ይል ነበር። ሟች እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። አጥኚው ሦስት የተረፉ ሰዎችን አነጋግረው፣ የሬዲዮ ትእዛዝ ቅጂ አግኝተው መለሱ፦ የጠረፍ ብርጌዱ አዛዥ አዘዙ፤ ወታደሮቻቸው ሰዉን አስገብተው በሩን ከውጭ ቸነከሩ፤ ከዚያ ለኮሱት።

በደንባችን መሠረት አንድ ጥናት የሚወቅሰው ሰው መልስ እንዲሰጥበት ረቂቁን አስቀድመን እንልክለታለን። የምንልከው ንጹሕ ቅጂ ነው፤ የአርታኢ ማስታወሻ ያለበት ቅጂና የአጥኚው ስም ከቢሮ አይወጡም። የአጥኚውን ስም ከቅጂው ሰርዘናል። ለአዛዡ የላክነው ቅጂ ግን የሟች ቀይ ጽሑፍ ከነፊርማቸውና ከነቢሮ ቁጥራቸው በየኅዳጉ የሞላበት ነበር። ፖስታውን ያሸጉት ዋና አዘጋጁ ናቸው። ቸኩለው ነበር፤ አላዩትም። ከእኛም አንድ ሰው ልይ አላለም።

ሰኞ የመጡት ሦስቱ ሰዎች ያንኑ ቅጂ ይዘው ነበር። በር ላይ የጥበቃ ባልደረባችንን መንጋጋ በጠመንጃ ሰደፍ ሰበሩ። ወደ አርትዖት ክፍሉ ገብተው ጠረጴዛ ገለበጡ፤ የገጽ አቀናባሪያችንን በፀጉሯ ጎትተው ከግድግዳ ጋር አጋጯት። አንደኛው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ይሄን የምትጽፈው የትኛዋ ናት?» ብሎ ጮኸ። ሌሎቻችን ወለሉ ላይ ተኝተን ዝም አልን። ዋና አዘጋጁ ከቢሯቸው ብቅ ብለው አዩና ተመልሰው በሩን ከውስጥ ቆለፉ።

ሟች ተነሥተው «እኔ ነኝ። ልጅቷን ልቀቃት» አሉ። ወረቀቱን የያዘው ሰው «የአዛዡን ስም ማን ሰጠሽ?» አላቸው። «ደህና ጥያቄ ነው፤ ግን ለእናንተ አልመልስም» አሉት። በጥፊ መትቶ ጣላቸው። ጠረጴዛውን ይዘው ሲነሡ ሌላኛው ደረታቸውን ሁለት ጊዜ፣ አንገታቸውን አንድ ጊዜ በጥይት መታቸው። ከወደቁ በኋላ ሦስተኛው ቀርቦ አንድ ጨመረ። ደማቸው እኛ እስከተኛንበት ድረስ ፈሰሰ። የአጥኚውን ስም አልተናገሩም፤ አጥኚው ዛሬ በሕይወት አሉ።

በማግስቱ ተሰብስበን «ለጊዜው ረጋ እንበል» ተባባልንና «አደጋ» ብለን ጻፍን። ፈርተን ነው። ሌላ ምክንያት የለንም።

ስለዚህ እንዲህ አርመናል። ባልደረባችንን የገደሏቸው የጠረፍ ብርጌዱ ወታደሮች ናቸው፤ አንደኛውን የገጽ አቀናባሪያችን ከጥናቱ ፎቶግራፎች ላይ ለይታዋለች። በእጃቸው የነበረውን ቅጂ ከአዛዡ በቀር ለማንም አልላክንም። የሟችን ስምና የተቀመጡበትን ክፍል ለገዳዮቹ የሰጠነው እኛ ነን። ይህንኑ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አስገብተናል። ጥናቱን አንዲት ቃል ሳንቀንስ ትናንት ሐሙስ አሳትመናል፤ የአዛዡ ሙሉ ስም በገጽ 41 ላይ አለ። ዛቻ እየደረሰን ነው። ቢሯችን እንደወትሮው ክፍት ነው።

ለልጃቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸው፣ ሆስፒታል ለተኙት የጥበቃ ባልደረባችንና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ከልጃቸው ግን ከመጽናናት በፊት ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ይቅር የማለት ግዴታ እንደሌለባቸውም እናውቃለን።

ልጃቸው ይህን መግለጫ ከመውጣቱ በፊት አንብበውታል። ስለ ዋና አዘጋጁ በሚናገረው ቦታ «በሩ ተቆለፈ» ብለን የጻፍነውን ሰርዘው «ቆለፉ» ብለው መልሰውልናል። ሌላ የነኩት ነገር የለም።

ቀብራቸው ነገ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ልጃቸው የመጽሔቱ ባልደረቦች በሙሉ እንድንገኝ ፈቅደዋል። ዋና አዘጋጁን ግን ከመቃብሩ ግቢ ውጭ እንዲቆሙ ጠይቀዋቸዋል፤ ዋና አዘጋጁም እሺ ብለዋል።