ጠርቷል፣ ና ተቀመጥ

ውድ ባለቤቴ፣

በስልክ ብጽፍልህ «እሺ» ብለህ ብቻ እንደምትመልስ አውቃለሁ። ስለ ዝናቡ ስጽፍልህ «እሺ»፣ ስለ ጉልበቴ ስጽፍልህ «እሺ»፣ ስለ ልጃችን አዲስ ሥራ ስጽፍልህ ደግሞ ጭራሽ እሱም ቀረ። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ደብዳቤ በ«እሺ» አይመለስም። የአሠሪህ ሹፌር ነገ ጠዋት ለምትሠሩት ጣሪያ ቆርቆሮ ጭኖ ስለሚመጣ እጅህ ላይ ያደርስልኛል፤ ቃል ገብቶልኛል።

ቤቱ ደህና ነው። የመጋረጃ ስፌቱም አልቀዘቀዘም፤ ለአዲሱ ሆቴል መስኮቶች ስሰፋ ነው የሰነበትኩት፤ ያ ሁሉ መስኮት ለምን እንዳስፈለጋቸው እነሱ ያውቃሉ። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ትናንት ምሽት ልጅህን በቴሌቪዥን አየኋት።

ላላያት ነበር እኮ! የከተማችን ጣቢያ በአየር ብቻ ነው የሚመጣው። የጎረቤቱ ዲሽ ሁሉ የማናውቀውን ሰው ሰርግ ከባሕር ማዶ ያሳየናል እንጂ የገዛ ከተማችንን ዜና አያገኝም። እኛ ግን ሰዉ «የዓሣ አጥንት» እያለ የሚስቅበት ያንተ አንቴና አለን። ስርጭቱ ወደ ዲጂታል ሲዞር ሪሲቨር ገዝተህ ያንኑ አሮጌ አንቴና ስትሰካበት «አይሠራም» ያሉህ ሰዎች አሁን የከተማውን ዜና ማየት ሲፈልጉ የእኛን በር ነው የሚያንኳኩት። ታዲያ ትናንት ከሰዓት የመጣው ነፋስ ማንን ፈልጎ እንደመጣ እንጃ፣ የዜናው ሰዓት ሲቃረብ ቴሌቪዥኑን ብከፍት «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ጠበቀኝ። ድሮ ቢሆን አሸዋ በዘነበበት ምስል ውስጥም ቢሆን ጥላዋን አይ ነበር። ዲጂታል ግን መሃል የለውም፤ ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ጭራሽ የለም።

ሮጬ ጢሞን ጠራሁት። ቧንቧ ሠራተኛው ጎረቤታችን ከተላጨ ቆይቷል፤ አንተ አገጭህን ዳብሰህ ያወጣህለት ስም ግን አልለቀቀውም። መሰላልህን አስደግፎ ጣሪያው ላይ ወጣ። እኔም እንደ ልማዴ ነጩን የመጋረጃ ቁራጭ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ አንድ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ጣሪያው ላይ።

«አሁንስ እትዬ?» አለኝ።

የጨርቁን ጫፍ ወደ ቀኝ ወረወርኩ።

«አሁንስ?»

አሁንም ወደ ቀኝ።

«እትዬ፣ ንብ ነው እንዴ የሚያባርሩት?»

አፌን ግጥም አድርጌ ወደ ግራ ወረወርኩ።

«ኧረ በፈጠረዎት ይናገሩ! እኔ እኮ ጆሮ አለኝ!»

ያን ጊዜ ነቃሁ። ከተጋባን ጀምሮ ጣሪያው ላይ የወጣኸው አንተ ብቻ ነህ፣ አንተ ደግሞ አትሰማም፤ ስለዚህ እጄ ሥራውን ያውቃል፣ አፌ አያውቅም። ጨርቁ ወደ ቀኝ ሲወረወር አንቴናው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲወረወር ወደ ግራ፣ ከፍ ሲል ባለበት ያዘው። ምስሉ ሲጠራ ደግሞ ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ፊቴን በሁለት መዳፌ ከላይ ወደ ታች እጠርግና አጠገቤ ያለውን አየር መታ መታ አደርገዋለሁ። ጠርቷል፣ ና ተቀመጥ። ይህን በምልክት ቋንቋ ትምህርት ቤት አያስተምሩትም፤ የእኛ ቤት ቋንቋ ነው፣ ከሦስታችን በቀር የሚያውቀው የለም። እዚያ በር ላይ ቆሜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ ደግሞ ናፈቅኸኝ፤ በጣም ነው የናፈቅኸኝ።

«ትንሽ ወደ ግራ!» ብዬ ጮህኩ በመጨረሻ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«እትዬ፣ ምሰሶው ላይ በሚስማር የተጫረ ምልክት አለ! ከታች አንድ መስመር፣ ከላይ አንድ መስመር!»

«አገናኛቸው እስቲ!»

አገናኛቸው። የሲግናሉ መስመር ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ፤ ምስሉ መጀመሪያ እንደ ተሰባበረ ሴራሚክ ተቆራርጦ መጣና ጥርት አለ።

ወደዚያ ሥራ ልትሄድ ስትል ጣሪያው ላይ ወጥተህ ቆይተህ ነበር። ምን እየሠራህ እንደሆነ በእጄ ብጠይቅህ «ቆርቆሮው ላልቶ እንደሆነ እያየሁ ነው» አልከኝ። ቆርቆሮ እያየህ ኖሯል! ስለ ሥራዋ ላለማውራት ምለሃል እንጂ እንዳያመልጠኝ ፈልገህ ነበር። አትካደኝ፣ ምልክቱ እዚያው ነው ያለው።

የሚከብድህን አውቃለሁ። «በልጅነቷ አፌ ሆና ኖራለች፤ ይበቃታል» አልክና እጆችህን ኪስህ ከተትክ። አንተ እጅህን ኪስህ ከከተትክ ደግሞ ወሬው አለቀ ማለት ነው። ያቺ የክሊኒኩ ቀን እንደሆነች ገብቶኛል። ሐኪሙ ሆድህ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ለአንድ ፍሬ ልጅ ነግሮ «ለአባትሽ ንገሪው» አላት። እሷም «ትንሽ ይነኩሃል» ብላ ተረጎመችልህ። አንተ ግን ከእጇ ይልቅ ፊቷን አንብበህ ሁሉንም አወቅህ። ከዚያ ወዲያ የትም ይዘሃት አልሄድክም።

ባለፈው ሳህን ስታጥብ ይህንኑ አነሳሁባት። እጇን አደረቀች፤ ታውቃታለህ፣ ቁም ነገር ስታወራ ከእኔ ጋርም ቢሆን እጇ ነጻ ካልሆነ አይሆንላትም። «እማዬ» አለችኝ፣ «ያን ቀን የሚተረጉም ትልቅ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔ የአባዬን እጅ ይዤ እቀመጥ ነበር። የሚያስፈልገው ያ ሰው ነበር፣ ለእኔም። አሁን ያንን ሰው መሆን ነው የምፈልገው፤ የሌላ ሰው ልጅ ያባቱን እጅ ይዞ እንዲቀመጥ።» መልስ ካለህ አንተው መጥተህ ንገራት።

ወደ ዜናው ልመለስ። ልጅህ ጥጉ ላይ ባለች ክብ ውስጥ ሆና ዜናውን በእጇ ትተረጉማለች፤ ክቧ የሻይ ሳህን ብታክል ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ይዛለች። መጀመሪያ ጣቶቿ ቸኮሉ፣ እኔም ወንበሬ ላይ ቸኮልኩ። ሁለተኛው ዜና ላይ ግን ትከሻዋ ለቀቀ፣ አንተ መላጊያ ስትይዝ እንደምትለቀው።

«እትዬ፣ ድምፁ ተበላሽቷል እንዴ?» አለ ጢሞ።

«ምንም አልሆነ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን በዓይን ነው የሚታየው።»

ሊከራከረኝ ነበር፣ ከዚያ ዓይኑ ክቧ ላይ ቀረ። ቆየት ብሎ ወደ ፊት ዘንበል አለና «ውሃ ነው የምትለው? በእኛ ሰፈር ሊቋረጥ ነው?» አለኝ። ልክ ነበር! አንድ ምልክት ሳያውቅ ከእጇና ከፊቷ አነበበው። ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ ይሆናል፤ ቢሆንም ኮራሁ። አንተ ብትኖር አቅፈህ ትስመው ነበር።

ዜናው አለቀ። አንባቢው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ፣ ክቧ ግን ገና አልጠፋችም። ልጅህ ቀና ብላ ፊት ለፊት አየች። ፊቷን በሁለት መዳፏ ከላይ ወደ ታች ጠረገችና አጠገቧ ያለውን አየር መታ መታ አደረገችው።

ብድግ አልኩ።

«ምን አለች?» አለኝ ጢሞ።

«የቤት ጉዳይ ነው» አልኩት። እንባዬን በዚያው በነጩ ጨርቅ ጠረግሁ።

ቤት ስትመጣ አለቃዋ መጨረሻ ላይ ያደረገችው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቋት «መልካም ምሽት ማለት ነው» እንዳለችው ነገረችኝ። ዋሽታዋለች። ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የተናገረችው፣ እሱም እዚያ የሰው ጣሪያ ላይ ተቀምጧል።

ቀርጻ በስልክ ልትልክልህ ፈልጋ ነበር፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ልልክልህ ብል «እሺ» ትለኛለህ። የሷ ተራ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሽት ነው። ጣሪያውን ስትጨርስ ወይም አንድ ማክሰኞ አለቃህን አስፈቅደህ ብቅ በል። አንቴናው ምልክትህ ላይ ነው፤ ጢሞ አንተ እስክትመጣ እንዳይነቃነቅ ብሎ በሽቦ አስሮታል። የሚስተካከል ነገር የለም፤ መሰላል አትወጣም፣ እኔም ጨርቅ አልወረውርም። ከእኔ ጎን ያለው ወንበር ላይ የሆቴሉን መጋረጃዎች ከምሬ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አንስቼዋለሁ።

ጠርቷል፣ ና ተቀመጥ።

ጨርቋን ትከሻዋ ላይ የጣለችው ሚስትህ